ጥቁር ግራሶ

የጋሽ ወርዶፋ ጋራዥ ሱሉልታ ነው፣ ከኬላው ወዲያ፣
በሩ የተዘረጋ በርሜል፣ ደጁ የጎማ መደርደሪያ።
እዚያ ነው እጄ የጠቆረው፣
እዚያ ነው ጆሮዬ የተማረው፣
ፍሬን ሲያለቅስ፣ ኩሽኔታ ሲያጉረመርም፣
የየአንዳንዱን በደል የቆጠረው።

አንድ ማለዳ ነስሩ መጣ፣ የዳቦ ኮሮላውን ነድቶ፣
ወንበሮቿ ተነቅለው፣ ሆዷ በሳጥን ተሞልቶ፤
«ፍሬኗ ይጮሃል፣ ቢፍቱ፤ ሸራዋን ቀይሪልኝ ቶሎ፣
አዲሱ ገበያ ይጠብቁኛል፣ ዳቦው ይቀዘቅዛል» ብሎ።

ጋሽ ወርዶፋ አልነበሩም፤ ለቅሶ ሄደዋል፣ ሙከጡሪ፤
የቀረሁት እኔ ነኝ፣ የስምንት ወር ጀማሪ።

ክሪክ አስገብቼ ጎማ ፈታሁ፣
ዝገቱን በብረት ብሩሽ መታሁ፤
ቀረኝ ቅባቱ፦
ፒኑ በላስቲክ እጅጌው ውስጥ እንዲሾልክ፣
ሲረግጡት ገፍቶ እንዲይዝ፣ ሲተውት መልሶ እንዲለቅ።

ለዚህ የሚሆን ቅባት አለ፣
ቱቦው የጥርስ ሳሙና የመሰለ፤
መሳቢያ ውስጥ ነው፤ መሳቢያው ተቆልፏል፤
ቁልፉም ለቅሶ ሄዷል፣ ከጌታው ኪስ እንዳለ።

ከደጅ ግን በርሜል ነበር፣ ጥቁር ግራሶ ሞልቶበት፣
ለኩሽኔታ፣ ለክሮቼራ፣ ለበሩም ማጠፊያ የምንጠቅስበት።
«ቅባት ቅባት ነው» አልኩ ለራሴ፤ ጣቴን እስከ አንጓው ነከርኩ፣
ፒኑን እንደ ሙሽራ ፀጉር፣ እስኪንጠባጠብ አሰከርኩ።

ሾለከ! ወይ ሲሾልክ፣ ወይ ሲለሰልስ፣ ወይ ሲመች!
ነስሩ ረግጦ ሞከራት፤ ሳቀ፤ ኮሮላዋም ዝም ብላ ሄደች።
ሁለት ዳቦ ወረወረልኝ፣ ትኩስ፣
በላሁት፣ የገዛ አሻራዬን ስጎርስ።

ላስቲክ አይጮህም፤ ቀስ እያለ ነው የሚያብጥ፣
ባልተስማማው ዘይት ሰክሮ፣ ፒኑን አንቆ የሚጨብጥ።

በሦስተኛው ሳምንት፣
ጭጋግ ባሕር ዛፉን በዋጠበት ንጋት፣
ነስሩ እንጦጦን ቁልቁል ሲወርድ፣ የሚያር ነገር ሸተተው፤
የዳቦ ቅርፊት መሰለው።
«ዛሬስ ጋጋሪው አሳረረው» አለ፤ መስኮት ከፍቶ ወረደ፤
አንዱ ጎማ ግን አልለቀቀም፤ በገዛ ፍሬኑ ነደደ።
መሪው ወደ ግራ ሳበ፤ መርገጫው እንደ ጥጥ ላላ፤
ኮሮላዋ አፈር ተደግፋ ቆመች፣
ከገደሉ አንድ ክንድ ወደ ኋላ።

ሰው አልሞተም።
ዳቦው ብቻ ነው፣ አስፋልቱን ሙሉ የተበተነው፤
ጭራሮ የተሸከሙ ሴቶች ሸክማቸውን አውርደው
ለቀሙለት፣ በነጠላቸው ጠርገው፣ ቆጥረው።

ጋሽ ወርዶፋ ፈቱት። አዩት። አልተቆጡም።
እኔ ግን ቁጣውን ስጠብቅ፣ እግሮቼ አልቆሙም።
ያበጠችውን እጅጌ፣ ንብ እንደነደፈው ከንፈር፣
መዳፌ ላይ አኖሯት፤ ከዚያ መሳቢያው ሲከፈት ተሰማኝ፣ ቀስ ብሎ፣ ክርር።

«ይቺ» አሉ፣ «ለላስቲክ፤ ያ ጥቁሩ ለብረት፤
ይሄ ግን» (የሸራውን ፊት ገለበጡ) «ምንም፣ ምንም አትቀቢበት።
ሥራው መያዝ ነው፤ የሚይዝ ነገር ደረቅ ነው፤
ቅቤ ያስለመድሽው ዕለት፣ ያን ዕለት ነው የሚከዳው።
ደግሞም ስስ አድርጊው። የተረፈ ቅባት
አቧራ ነው የሚጠራበት።»

የዲስኩን ዋጋ ከደመወዜ ቆረጡ፤
የመሳቢያውን ቁልፍ ግን ለኔ ሰጡ።

ይኸው ስንት ዓመት፣ ቁልፉ አንገቴ ላይ ነው፤
ስንቱ መጣ፣ «ቀባ ቀባ አድርጊውና ልሂድ» የሚለው፣
ያችን ያበጠች እጅጌ ከኪሴ አውጥቼ የማሳየው።

ነስሩም አለ፤ ፂሙ ሸብቷል፤ ዳቦው አንሷል፤ ዋጋው ጨምሯል፤
ስጨርስለት አያመሰግንም፤ ሁለት ዳቦ ጥሎ ይሄዳል።
ኬላው ጋ ሳይደርስ ግን፣ ባዶ መንገድ ላይ፣ ያለ ምክንያት
አንዴ ይረግጣታል፤
ቀይ መብራቷ ብልጭ ሲል፣
እኔም ከደጃፍ ቆሜ፣ በከንፈሬ፦
ያዘች።
ለቀቀች።